የገና ብርድና የቤታችን እሳት

(ከገና በዓል አስቀድሞ በኮተቤ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የቤተሰብ ኑሮ በብርድና በበዓል ወራት» የሚል ነው። ገና ሲቀርብ በቤታችን ብዙ የሚያስደስት ነገር አለ። ቄጠማው፣ ድፎ ዳቦው፣ ዶሮ ወጡ፣ ከሩቅ የሚመጣው ዘመድ፣ አዲስ ልብስ የለበሰው ሕፃን ሁሉ ደስ ያሰኛል። ይህን እናንተ ከእኔ ይልቅ ስለምታውቁት ጊዜ አልወስድበትም። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው በየቤታችን ስላለች አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ ከሰል ማንደጃ። በገና ሰሞን ቤተሰብ የሚሰበሰበው በእርስዋ ዙሪያ ነው። የተሰበሰበው ቤተሰብ በአንድ ሌሊት የሚጠፋውም በእርስዋ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ብርዱ ከወዴት ይመጣል?

በመጀመሪያ ስለ ብርዱ ጥቂት ላስረዳ። የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ገናን ሲያስቡ በረዶን ያስባሉ። በካርዶቻቸው ላይ ጣራው ነጭ፣ ዛፉ ነጭ፣ መንገዱ ነጭ ነው። እኛ ግን «በረዶ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጠር ማለታችን ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን «አመዳይ» የሚለው ቃል በኢሳይያስና በመዝሙረ ዳዊት ይገኛል። ልጆቻችን ቃሉን በቃላቸው ያጠኑታል፤ ነገሩን ግን አላዩትም።

ይህ ማለት አገራችን አመዳይን ፈጽማ አታውቅም ማለት አይደለም። ከፍታው ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀን አንዳንድ ጊዜ ነጭ ለብሶ ያድራል። በአዱሊስ ቆሞ የነበረውና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍም፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ስላለበት የስሜን ተራራ ይናገራል። እንግዲህ የአገራችን ሰው ከብርድ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም።

ኮተቤ ላይ አመዳይ አይወርድም። ነገር ግን በታኅሣሥ ሌሊት ከካራ በኩል የሚመጣውን ነፋስ የቀመሰ ሁሉ እጅ የሚያቆፍን ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት በአማካይ ወደ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ሌሊትም ከዚህ እጅግ ዝቅ ይላል። ወደ 3,200 ሜትር ከፍ በሚለው የእንጦጦ ሰንሰለት ላይና ከዚህ አልፎ ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ላይ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይታያል።

ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት ግን ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ምክንያቱ ይህ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። በክረምት ሰማዩ ደመና ስለሚለብስ፣ ምድር ቀን ያገኘችው ሙቀት ሌሊቱን ቶሎ አይወጣም። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱ እንደ መሸ ወደ ላይ ይሄዳል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ከእንጦጦና ከየካ ተራራ እንደ ውኃ እየወረደ በወንዙ ዳርና በሸለቆው ውስጥ ይተኛል። በወንዝ ዳር ቤት የሠራው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሌላ ቦታ ያላገኘው ድኻ ነው። ብርዱ አስቀድሞ የሚደርሰው፣ ዘግይቶም የሚለቀው ከእርሱ ቤት ነው።

የአያቶቻችን ቤትና የእኛ ቤት

አንዳንድ አዛውንቶች፣ «እኛ ዕድሜ ልካችንን በእሳት አጠገብ ተኝተን አድረናል፤ ማን ሞተ? የዛሬ ሰው ፈሪ ሆነ» ይላሉ። ይህ ንግግር በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል፤ ሐሰት አልተናገሩምና።

አያቶቻችን ማታ ረመጡን በአመድ ዳፍነው ያድሩ ነበር። ጠዋት ገልጠው ጭራሮ ጨምረው እፍ ሲሉት እሳቱ ይያያዛል። ክብሪት ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ብልኅነት ነበር። ቤቱ ግን የሣር ክዳን ነበረው። ሣር ይተነፍሳል። ጭሱም ሆነ የማይታየው አየር በክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ይወጣ ነበር። ያም ቢሆን ያለ ጉዳት አልነበረም፤ የእናቶቻችን ዓይንና ደረት ምስክር ነው።

የዛሬው ቤታችን ግን ሌላ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ተለስኗል። ከላይ የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ተወጥሯል። መስኮቱ አንድ ነው፤ እርሱም ለብርድ ተብሎ በካርቶን ተደፍኗል። በበሩ ሥር ጨርቅ ተጎዝጉዟል። ቤቱ ተለውጦ ሳለ ልማዱ አልተለወጠም። አያቶቻችንን ያልገደለው ረመጥ እኛን የሚገድለው ስለዚህ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ጭስ ከሆነ ያስለናል፣ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እንሸሻለን። ይህ ግን አያስልም፤ አይቆጠቁጥም። ከደማችን ጋር ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። አስቀድሞ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። ተኝቶ የነበረ ሰው ደግሞ ምልክቱን እንኳ ሳያውቅ በዚያው ይቀራል። ይልቁንም ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ፈጥነው ይጎዳሉ።

እዚህ ላይ በሰፈራችን የሚነገሩ ሦስት ነገሮችን ማረም ይገባል። «ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» ይባላል። ትክክል አይደለም፤ የቀላው ከሰል መርዙን ማውጣቱን አይተውም። «አመድ ከለበሰ ጠፍቷል» ይባላል። ይህም ትክክል አይደለም፤ አየር ያጠረው ረመጥ ይልቅ ብዙ መርዝ ያወጣል። «በአጠገቡ ውኃ በሳህን ማስቀመጥ መርዙን ይስባል» የሚሉም አሉ። ውኃው ይህን አየር አይስበውም። እናት በዚያ ሳህን ተማምና ልጆችዋን ብታስተኛ ሳህኑ አያድናትም።

የዋዜማው ሌሊት

አሁን ወደ በዓሉ እንመለስ። ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ለዚህ አደጋ የገና ዋዜማን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ለምን? አንደኛ፣ ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ነው። ሁለተኛ፣ ዶሮ ወጥ የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም። ሽንኩርቱ ብቻውን ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት ይቁላላል፤ ስለዚህ ከሰሉ በቤት ውስጥ ከሌላው ቀን ይልቅ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ሦስተኛ፣ እንግዳ ስለሚመጣ በአንዲት ክፍል አራት የነበሩት ሰባትና ስምንት ሆነው ያድራሉ። አራተኛ፣ ሁሉም ደክሟል። ወጡ ከበሰለ በኋላ ቡና ይፈላል። ከቡናው በኋላ ደግሞ በማንደጃው ላይ ገና ደህና ፍም አለ። በብዙ ብር የተገዛ ከሰል ነው። «ሙቀቱስ ለምን ይባክናል? ልጆቹን ያሙቅ» ተብሎ ይተዋል። በሩ ይዘጋል።

በክፋት የሚደረግ አንዳች ነገር የለም። እናት ልጆችዋን ስለምትወድ ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች በዓላት ሲቀርቡ በየጊዜው የሚያስጠነቅቁን ይህንኑ ነው።

በአገልግሎት ላይ ሳለን የደረሰብንን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር አንዲት እናት ሦስት ልጆችዋን ይዛ በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖር ነበር። ሥራዋ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ መሸጥ ነበር። ይህን ሸክም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ ቁልቁለቱም ጉልበት ይሰብራል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት ማገዶ ላጣችው አዲስ ከተማ ሲተከል ከተማይቱን ከመሰደድ አድኗታል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማይቱን በጀርባቸው ያሞቁ ብዙ ሴቶች ራሳቸው በብርድ ያድራሉ።

ያች እናት በዋዜማው ልጆችዋን በልተው ካስተኛች በኋላ ፍሙን በክፍሉ ትታ ተኛች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ከእርስዋ ቤት ድምፅ አልተሰማም። አጠገብዋ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ ቅዳሴ አድረው ተመልሰው ለልጆቹ ዳቦ ቆርሰው ይዘው መጡ። አንኳኩ፤ መልስ የለም። «በበዓል ቀን ሕፃናት እስከዚህ ሰዓት አይተኙም» ብለው ጮኹ። ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ገባ። አራቱንም እየጎተቱ ወደ ውጭ አወጡአቸው፤ ወደ ሐኪም ቤትም ተወሰዱ። በእግዚአብሔር ቸርነት አራቱም ተረፉ። ያተረፈቻቸው ግን አንዲት ቁራሽ የበዓል ዳቦ ናት ብል አላጋነንሁም።

በሰለጠነውም አገር

ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን እኛ ገናን ታኅሣሥ 29 ቀን ስናከብር ብዙዎቹ በበረዶ መካከል ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ የአገሩ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ አልፏልና። ማታ ስልክ ይደውላሉ። «ቤታችሁ ሞቃት ነው?» ብለን እንጠይቃቸዋለን፤ «ማሞቂያ አለን፣ አታስቡ» ይላሉ። ነገር ግን በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ያልታሰበ በረዶ ወርዶ መብራት በጠፋ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች በጭንቀት የሥጋ መጥበሻ ከሰል ወደ ቤት አስገቡ፤ ሌሎችም መኪናቸውን በጋራዥ ውስጥ አስነሥተው ሊሞቁ ሞከሩ። በዚሁ መርዝ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተጎዱት ውስጥ የእኛም አገር ሰዎች ነበሩ። ብርድ ሲጠና ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ ልጆቹን ሰብስቦ በሩን ይዘጋል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የምታደርጉትን በአጭሩ ልናገር።

አንደኛ፣ ከሰሉን በደጅ አያይዙት፤ በቤት ውስጥ የግድ መሥራት ካለባችሁ በርና መስኮት ከፍታችሁ ይሁን። ከመኝታ በፊት ግን ማንደጃው ይውጣ። ቀዝቅዟል ተብሎ አይተው፤ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሚያወጣው አስቀድሞ ይወሰን። በዚህ ነገር አባቶችን እናገራለሁ። በዋዜማው እናት ከንጋት ጀምራ ቆማ ትውላለች። ማታ እኛ ቡና ጠጥተን ስንጫወት እርስዋ ዕቃ ታጥባለች። የመጨረሻውንም ሥራ ለእርስዋ ብንተው እንቅልፍ ያሸንፋታል። ስለዚህ ማንደጃውን ማውጣት የአባት ወይም ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ሥራ ይሁን። የሕፃን ሥራ አይደለም፤ ይቃጠላል። በቤታችሁ የማታ ጸሎት ካለ ማንደጃው ከወጣ በኋላ ይጀመር። አባት ቤት የሌለባት እናት ከጎረቤትዋ ጋር ትስማማ፤ ማታ አንዳቸው ለሌላው «አወጣሽው ወይ?» ብለው ይጠያየቁ።

ሦስተኛ፣ ሙቀትን ከሌላ እንፈልግ። የሌሊት ብርድ ብዙው ከሥር ነው የሚመጣው። ከፍራሹ በታች ገለባ ወይም ካርቶን ብትደርቡ ከላይ አንድ ብርድ ልብስ ከመጨመር ብዙ አያንስም። ለልጆች ካልሲና ቆብ አድርጉላቸው። ከመኝታ በፊት ትኩስ አጥሚት ወይም ሾርባ ይጠጡ። ጋቢውንና ቡልኮውን ለክት አታስቀምጡት። የመንዝ ሰዎች ከበጎቻቸው ጠጉር ባና የሚሠሩት ያንን ቁር ያለ ከሰል ለማለፍ ነው። ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ በጭቃ ድፈኑ፤ ከላይ በኩል ግን አየር የሚወጣበት ይቅር።

አራተኛ፣ ነገሩ ከደረሰ በሩን ክፈቱ፤ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ወተት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ራሱን ላልያዘ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች በ939 ይጠራሉ። ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው።

ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

አሁን ወደ እኛ ወደ አገልጋዮቹ እመለሳለሁ። በኤርምያስ መጽሐፍ ንጉሡ ኢዮአቄም በብርዱ ወራት በክረምት ቤቱ ተቀምጦ በፊቱ እሳት ይነድለት እንደ ነበር ተጽፏል። ንጉሥ ለብርድ ጊዜ የተለየ ቤት አለው። ድኻ ግን ያለችው አንዲት ክፍል ናት፤ በእርስዋ ያበስላል፣ በእርስዋ ይበላል፣ በእርስዋ ይተኛል። ለእንዲህ ያለ ሰው «ከሰል በቤትህ አታሳድር» ብሎ አስተምሮ መሄድ ቀላል ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ የወቀሰው ይህን አይደለምን? ለተራቆተው ወንድም የሚለብሰውን ሳይሰጡ «እሳት ሙቅ» ብሎ ማሰናበት ምን ይጠቅማል? እኛም ልብስ ሳንሰጥ «እሳት አትሙቅ» ብንል ያው ነው። የሙሴ ሕግ እንኳ የድኻውን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ያዝዛል፤ ሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና።

ስለዚህ ቤት ለቤት ስትሄዱ ስንት ልጅ አለ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ሌሊቱን ብርዱን እንዴት ትወጡታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ጥያቄ ብዙ ነገር ይወጣል። ያችን እናት በጠየቅናት ጊዜ የመለሰችው፣ አከራዩ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳትሰካ ከልክሏታል፤ ቆጣሪው የጋራ ነውና። እኛ ስለ ከሰል ልናስተምራት ሄደን፣ የችግሩ ሥር ቆጣሪው ሆኖ አገኘነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ። ለበዓል ቀናትና ለብርዱ ወራት በወር የሚታሰብ ትንሽ ገንዘብ ተስማሙ። ዋጋው ከአንድ ብርድ ልብስ ያነሰ ነበር።

ብርድ ልብስ ስናድልም ሁለት ነገር እናስብ። አንዱ ጊዜው ነው፤ ከጥምቀት በኋላ የሚደርስ ብርድ ልብስ ብርዱ ካለፈ በኋላ የደረሰ ነው። ኅዳር ሳይወጣ ይሰጥ። ሁለተኛው ቆጠራው ነው፤ በቤት ቁጥር ሳይሆን በሚተኛው ሰው ቁጥር ይታደል። ለስድስት ሰው አንድ ብርድ ልብስ ብንሰጥ ሌሊቱን ሲጎተት ያድራል እንጂ አያሞቅም፤ እነርሱም ወደ ማንደጃው ይመለሳሉ። በስጦታችሁ ይህን ሥራ የምትረዱ ወገኖች ሁሉ ይህን እንድታውቁልን እንወዳለን።

በመጨረሻም ጎረቤትን አትርሱ። ያንን በር ያንኳኩት ያች አሮጊት እናት የእኛ ጉባኤ አባል አይደሉም፤ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያስተማራቸው የለም። የጎረቤታቸውን ልጆች የጠዋት ድምፅ ግን ያውቁ ነበር። እኛ የስንቱን ጎረቤት ድምፅ እናውቃለን? በዚህ ገና ጠዋት፣ ሰባት ዓይነት ወጥ ብናዘጋጅም ባናዘጋጅም፣ ከቤታችን አንድ ሰው ዳቦ ይዞ ወደ ሁለት ቤት ይሂድ። ብቻዋን ልጆች ወደምታሳድግ እናት፣ ብቻቸውን ወደሚኖሩ ሽማግሌ፣ ከገጠር መጥቶ በጥበቃ ሥራ ላይ ወዳለው ወጣት ይሂድ። የጥበቃ ቤቶች ጠባብ ናቸው፤ ከሰልም አይጠፋባቸውም።

የጌታችን እናት ልጅዋን በወለደች ጊዜ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ እንዳልነበራቸው ሉቃስ ጽፎልናል። ሕፃኑንም በጨርቅ ጠቀለለችው። ለእግዚአብሔር ልጅ የመጀመሪያው የሰው እጅ አገልግሎት ከብርድ መጠበቅ ነበር። እኛም በዚህ ወራት ለልጆቻችንና ለጎረቤቶቻችን ልጆች ይህንኑ እንድናደርግ እግዚአብሔር ይርዳን። በዓሉን የጤናና የሰላም ያድርግላችሁ። አሜን።